ሬሳው የቅሬው ነው

በደሴ መርዶ የሚደርሰው ጎህ ሲቀድ ነው። ድሮም እንዲያው ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚያረዱት ጋቢያቸውን ተከናንበው በር የሚያንኳኩ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሰውየውም ሞቶ ነበር። አሁን የሚያረዳው ስልክ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ገና አልሞተም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛውን ሁሉ ቀን ከሌት የሚመዝነው ሥርዓት፣ ሕዝቡ በአጭሩ ሚዛኑ የሚለው፣ አንዱን ሕመምተኛ «አይተርፍም» ያለ እንደሆነ ለቤተሰቡ በጨዋ ሽማግሌ ድምፅ ይናገራል። ለክርስቲያኑ እግዜር ያጥናችሁ፣ ለሙስሊሙ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ ይላል፤ አንዱን ለሌላው ብሎ አያውቅም። ለመሥሪያ ቤቱ የሐዘን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ያሳውቃል። ሌላው አገር እድር ለሚለው፣ ወሎ ግን ቅሬ ለሚለው የሰፈሩ የቀብር ማኅበርም ይነግራል፤ ቅሬውም ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳን ይተክላል። ሬሳው ግፋ ቢል ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ሰዉ መጀመሪያ አጉረምርሞ ነበር። ኋላ ለመደው፤ ከመልመድም አልፎ ወደደው። ሆስፒታል በር ላይ መንከባለል ቀረ። ሐዘንተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ንፍሮውን አብስሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ ሬሳ ይቀበል ጀመር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ዶክተር ሉባባ እንድሪስም ለምዳው ነበር። ጠዋት ጠዋት የምትሠራው ሥራ እማኝነት ይባላል። መርዶ የወጣበት አልጋ አጠገብ ትቆማለች፤ ነርሷ የመርዶውን ቃል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ሉባባ መዳፏን ስክሪኑ ላይ ታሳርፋለች፤ የመተንፈሻ ማሽኑ ይነቀላል። ቃሉ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት ምክንያት አለው። አንድ ጊዜ መርዶው ሰው ተሳስቶ ሌላ ሰፈር ሄደና፣ ሰዎቹ አልቅሰው ንፍሮ በልተው ሲያበቁ ሟች የተባለው ከሥራ መጣ። የአድራሻ ስህተት እንጂ የሚዛን ስህተት አይደለም ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሟቹ ስምና የቤተሰቡ ስም ራስጌው ላይ በድምፅ ሳይጣራ ማሽን አይነቀልም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ተራው የአራጋው ደምሴ ነበር። አራጋው አርባ ያልሞላው፣ ከባቲ በታች ባለው ቆላ የተነጠፈውን የፀሐይ ኃይል ሜዳ የሚጠግን ሠራተኛ ነው። ከመስታወቶቹ ሥር ተዘርሮ ነው የተገኘው። ሲያመጡት ዐይኑ አይገለጥም፣ ጣቱ አይንቀሳቀስም፣ ትንፋሹም የራሱ አልነበረም። ምን እንዳገኘው ያየ ሰው የለም። ሚዛኑ አንጎሉ ሞቷል ብሎ ፈረደ።

ሲስተር የሺመቤት ራስጌው ቆማ እንደ ወትሮዋ ማንበብ ጀመረች።

«አቶ አራጋው ደምሴ፣ የሰኞ ገበያ ነዋሪ። ባለቤት፣ ወይዘሮ ዘርፌ አስፋው። ልጅ፣ ቤዛ አራጋው።»

ሉባባ መዳፏን ዘርግታ ነበር። ዐይኗ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው የልብ ምት ላይ አረፈ። ዝግ ብሎ ሲሄድ የነበረው ምት ሽቅብ ተነሥቷል።

«ሲስተር፣ እስኪ እንደገና አንብቢልኝ።»

«ስህተት አለው እንዴ?»

«አንብቢው ብቻ።»

የሺመቤት አነበበች። ምቱ ዘርፌ የሚለው ላይ ትንሽ ከፍ አለ፤ ቤዛ የሚለው ላይ ጋለበ።

«አሁን የዚያን አልጋ ሰው ስም አንብቢ።»

የሺመቤት ግራ እየገባት የጎረቤቱን ሕመምተኛ ስም ከነቤተሰቡ አነበበች። ምቱ ወረደ። «ቤዛ» አለች ሉባባ ራሷ። ምቱ ተነሣ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሉባባ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «አራጋው፣ ሐኪምህ ነኝ። ሉባባ እባላለሁ። የምትሰማኝ ከሆነ ልብህ ትንገረኝ። ቤዛ ደህና ናት፤ ቤቷ ናት።» ልቡ ሮጠ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ረጋ። ከተከደነው ዐይኑ ጥግ እንባ ወጥቶ በጉንጩ ላይ ወረደ።

«ወይኔ እመቤቴ!» አለች የሺመቤት። «ሰምቶኛል! መርዶውን ራሱ ላይ ሳነብበት ሰምቶኛል!»

ሉባባ ብርድ ልብሱን ገለጠችና ከእግሩ ጣት ጀምራ ትፈልግ ገባች። ተወልዳ ያደገችው ባቲ ነው፤ የምትፈልገውን ታውቃለች። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ ለመዳን የደረሱ ሁለት ነጥቦች አገኘች። እባብ ነው። ይህ ዓይነቱ መርዝ ሥጋን ጠፍሮ ያስራል እንጂ አእምሮን አይነካም፤ እስኪለቀው ድረስ የሚተነፍስለት ያገኘ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። የሚተነፍስለት ያጣ ደግሞ ሁሉን እየሰማ ይሞታል። ሚዛኑ ይህን አያውቅም። ቆላው ሁሉ መስታወት ስለለበሰ ከእንግዲህ እባብ የለም ተብሎ ንድፊያው ከመዝገብ ከተሰረዘ፣ መድኃኒቱም አገር መግባት ካቆመ ቆይቷል። ይህን ለእባቦቹ የነገራቸው አልነበረም፤ ከመስታወቱ ሥር ጥላ አግኝተው ተራብተዋል።

«እማኝ፣ እባክዎ መዳፍዎን ያሳርፉ» አለ ስክሪኑ በዚያ በጨዋ ድምፁ።

«አላሳርፍም» አለች ሉባባ። ለመሣሪያ መልስ መስጠቷ ለራሷም ገረማት። ስንቱ ላይ መዳፏን እንዳሳረፈች ልታስብ ጀመረችና ተወችው። ለጸጸት ጊዜ አልነበራትም።

ስክሪኑ ደጋግሞ ለመናት። እሷ እምቢ ስትል የሕክምና ማዕከሉ ዳይሬክተር ዶክተር አምሳሉ መጣ። አብረው የተማሩ፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ያነበቡ ሰዎች ናቸው።

«ሉባ፣ ምን ሆነሻል? ስክሪኑ ቢሮዬ ድረስ እኮ እየጮኸ ነው።»

«ሰውየው ይሰማል። እባብ ነው የነደፈው። አእምሮው ጤነኛ ነው።»

«ሚዛኑ እንደዚያ አላለም።»

«ሚዛኑ እባብ አያውቅም።»

አምሳሉ የአራጋውን ፊት አየት አድርጎ ዐይኑን መለሰ። «ሚዛኑ ከተተከለ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። አንድም!»

«እንዴት ብሎ ይሳሳታል? አይተርፍም ይላል፤ እኛ ማሽኑን እንነቅላለን፤ ሰውየው ይሞታል፤ ከዚያ አላልኳችሁም ወይ ይላል። እንዲህ ከሆነማ እኔም ጠንቋይ ነኝ።»

«ቀስ በይ። ድንኳን ተተክሏል። ሚስቱ ፊቷን ነጭታለች። ዛሬ አንድ መርዶ ብንመልስ ነገ ከተማው ሁሉ የኔም ይመለስልኝ ብሎ በር ላይ ያድራል። ደግሞስ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ታች ማሽኑን የምትጠብቅ ወላድ አለች። ደም ፈሷት ራሷን ስታለች። እሷን ምን ልበላት?»

ይህኛው ውሸት አልነበረም። ሉባባ ወላዷን ጠዋት ሲያስገቧት አይታታለች፤ ገና ልጅ እግር ናት። ለአንዱ ተብሎ ሌላው የሚሞትበት ሕክምና ከሚዛኑ በምን ይሻላል?

«ማሽኑን ውሰደው» አለች በመጨረሻ። «ለሷ ይሁን፤ ሐቋ ነው። ሰውየውን ግን አልሰጥህም።»

«በምን ሊተነፍስልሽ?»

«በእጄ።»

የሺመቤት ነገሩ ሳይገባት አልቀረም፤ ሮጣ ከአምቡላንስ ውስጥ አምቡ የሚሉትን ጎማ ፊኛ ይዛ መጣች። ማሽን ሲጠፋ ትንፋሽ በእጅ የሚሰጥበት፣ ከድሮ ዕቃ የቀረ ነገር ነው። ሉባባ ጉሮሮው ውስጥ ካለው ቱቦ ጋር ገጠመችው። «ቢስሚላሂ» ብላ ጨመቀች። የአራጋው ደረት ተነሣ። ለቀቀችው፤ ወረደ። ማሽኑ እየተገፋ ከክፍሉ ወጣ።

አምሳሉ ክፍሉ ውስጥ ወዳሉት ሠራተኞች ዞረ። «መርዶ የወጣለት ሰው በሕግ ታካሚ አይደለም። እጁን የሚያሳርፍበት ሠራተኛ ሥራውን ይለቃል።» ከዚያ ለሷ፣ እንደ ጓደኛ ለስለስ ብሎ፣ «እጅሽ ሲዝል ትተዪዋለሽ። ያን ጊዜ ቢሮዬ ነይ» አላት።

«ታካሚ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«አስከሬን።»

«አስከሬን የማን ነው?»

«የቅሬው ነዋ» አለ አምሳሉ ሳያስበው። ደሴ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። ሚዛኑ ሲመጣ የከተማው ቅሬዎች አምፀው አንድ ነገር በሕግ አስጽፈዋል፤ መርዶ ከወጣ በኋላ ገላው የቅሬው ነው፤ አጠገቡ እንዳይቀመጡ የሚከለክላቸው፣ ያለነሱ ፈቃድም የሚነካው የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ያ ወረቀት ዛሬም አለ። አምሳሉ የተናገረው የገባው በር ላይ ሲደርስ ነው። ዞር ብሎ አያትና ወጣ።

«የሺዬ፣ ትይዢልኛለሽ? ሰኞ ገበያ ደርሼ ልምጣ» አለች ሉባባ።

«ከሥራ ልባረርልሽ ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲህ ከሞቱ አሟሟቱ» አለች የሺመቤትና ፊኛውን ተቀበለቻት።

ሾፌር አልባው ባጃጅ የምትሄድበትን ሲሰማ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሙዚቃውን አጠፋ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ሉባባ የራሷን ትንፋሽ ታዳምጥ ነበር። እኔ አንዴ ስተነፍስ የሺመቤት አንዴ ትጨምቃለች፤ ስንት ጊዜ ትችላለች? እያለች ወደፊት ጎንበስ ትላለች፤ እንደዚያ ብትሆን ባጃጁ የሚፈጥን ይመስል።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። በአንድ ወገን ቆባቸውን ያደረጉ፣ በሌላው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፤ የሰኞ ገበያ ቅሬ የሁለቱም ነው። የቅሬው ዳኛ ሼህ ይመር መግቢያው ላይ ተቀምጠዋል። ሉባባ እጅ ነሥታ ወደ ጆሯቸው ልትጠጋ ስትል በመዳፋቸው ገቷት።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ሹክሹክታ አይወደድም። የመጣሽበትን ለሁሉም ንገሪ።»

ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መሀል ቆመች። ሙሾው ቀስ በቀስ ቆመ።

«አራጋው አልሞተም» አለች።

እልልም ያለ፣ ያለቀሰም የለም። ከሴቶቹ መሀል ዘርፌ ተነሣች፤ ጉንጯ በጥፍሯ የተሸነተረ፣ ድምፅዋ ያለቀ ቀጭን ሴት ናት።

«ጎህ ሲቀድ ሞተ አላችሁኝ» አለች። «ልጄን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አባትሽ ሞተ አልኳት። በገዛ አፌ! አሁን ደግሞ አልሞተም? ማታ ምን ልትይኝ ነው የምትመጪው? ስንት ጊዜ ነው አባቷ የሚሞትባት፣ አንቺ ሴት?»

«ልዋሽሽ አልመጣሁም። ሊሞት ይችላል። ግን እባብ ነው የነደፈው፤ ሰውነቱ ታሰረ እንጂ ልቡናው አለ። የቤዛ ስም ሲጠራ ልቡ ይነሣል።» ሉባባ የሚቀጥለውን ለማለት ትንፋሽ ወሰደች። «መርዶውን ስናነበው ሰምቶናል፣ ዘርፌ። እንባው ሲወርድ አይቻለሁ።»

ዘርፌ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ድንኳኑ መግቢያ ቀረበች።

«የለም፣ የለም» አሉ ከወዲያ ጥግ አቶ ሙሄ የሚባሉ አዛውንት፤ የቅሬው አንጋፋ ናቸው። «የተለቀሰለት ሰው ተመልሶ ቤቱ ሲገባ አላየንም። ደግ አይደለም። እንባ አንዴ ከወረደ ወረደ ነው፤ ሌላ ሰው ይዞ ነው የሚመለስ።» ብዙ ራሶች ተነቀነቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የፈሩትን ነው የተናገሩት።

ሼህ ይመር መቁጠሪያቸውን ሰበሰቡ። «እስኪ ልጠይቅሽ ልጄ። አሁን ሰውየው የማን ነው?»

«በነሱ ሕግ አስከሬን ነው ተብሏል። አስከሬን ከሆነ የእናንተ ነው።»

«እየተነፈሰም?»

«እየተነፈሰም። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ እነሱ ናቸው።»

ሼሁ ለቅሶ ቤት የማይገባ ሣቅ አመለጣቸው፤ በእጃቸው ሸፈኑት። «ሙሄ፣ ስማኝ። አንተም እኔም ቅሬ ስንገባ ሬሳ ጥለን ላንሄድ ተማምለናል። ጎርፍ የወሰደውን ገደል ወርደን አውጥተናል። ሬሳችን ይተነፍሳል ከተባለ እየተነፈሰ እንጠብቀዋለን እንጂ፣ ሞቶ ይምጣልን ብለን ንፍሮ እየቆረጠምን እንቀመጥ?» ወደ ሉባባ ዞሩ። «ምን ይፈለጋል?»

«እጅ። ተራ በተራ ፊኛ መጭመቅ ነው፤ ቀንም ሌሊትም፤ ስንት ቀን እንደሆነ አላውቅም።»

«ጉድጓድ ከመቆፈር ይከብዳል?»

«አይከብድም። ግን ማረፍ የለም።»

ሼህ ይመር ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ። «የዛሬ መቃብር ቆፋሪዎች፣ ተነሡ። ዶማውን እዚያው ተዉት።»

ዘርፌ ማንንም ሳትጠብቅ ወጥታ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ሲደርሱ የሺመቤት ጣቶቿ ደርቀው ፊኛውን በክንዷና በደረቷ መሀል አድርጋ ትጨምቅ ነበር፤ ከሠራተኞቹ አንዱም አልቀረባትም። «ኧረ ቶሎ በሉ እናንተዬ!» ብላ ለመጀመሪያው ጎልማሳ ሰጠችው። እሱም እንደ ጭቃ ጨፈለቀው። «ቀስ! ዶማ አይደለም» አለችው ሉባባ። «አንተ ራስህ ተንፍስ። አየር ስታስገባ ጭመቅ፤ ስታወጣ ልቀቅ። ለራስህ የምትተነፍሰውን ያህል ነው የሚበቃው።» ያቺን ከተረዱ በኋላ ሌላ ትምህርት አላስፈለጋቸውም። ሼህ ይመር ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ እንደሚያደርጉት ሰዉን በተራ አቆሙት፤ የደከመው ይወጣል፣ ያረፈው ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ሉባባ የዘርፌን ጣቶች ይዛ በአራጋው አንጓ ላይ አሳረፈቻቸው። «አናግሪው።»

ዘርፌ ትቆጣው ጀመር። «አንተ ሰውዬ! ቤዛን ምን ብዬ ላባብላት? ጎረቤቱን ሁሉ አስለቅሰህ እዚህ ተኝተህ...» ቀጥ አለች። ከጣቶቿ ሥር ደሙ ሲሮጥ ተሰማት። ፊቷን ደረቱ ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች፤ ጠዋት ካለቀሰችው ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ነበር።

አምሳሉ በማግስቱ ሁለት ዘበኞች አስከትሎ መጣ።

«ይህ ሕገ ወጥ ሕክምና ነው» አለ።

«ሕክምና?» አሉ ሼህ ይመር፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ። «እኛ ሕክምና ምን እናውቃለን የኔ ልጅ። ሬሳችን ጋ ተቀምጠናል። ለቅሶ ላይ ነን።»

«ፊኛውስ?»

«እሱ የለቅሷችን ሥርዓት ነው።»

አንዱ ቆፋሪ ሣቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ፤ እጁ ግን ከፊኛው አልተለየም። አምሳሉ ዘበኞቹን አየ። ዘበኞቹ ጣሪያውን አዩ፤ አስከሬን ላይ እጅ ማሳረፍ ለነሱም ክልክል ነው።

«ሉባባ» አለ አምሳሉ፤ በሙሉ ስሟ ጠርቷት አያውቅም። «ፈቃድሽ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል። ሐኪም አይደለሽም።»

ጠብቃው ነበር፤ ሆኖም ሲነገራት ከበዳት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር መሆን ፈልጋ አታውቅም።

«ፈቃዱ ያንተ ነው፤ ውሰደው» አለች። «መሐላውን ግን ለአንተ አልማልኩትም።»

አምሳሉ ሲወጣ ወደ አልጋው የሚመጣው ኦክስጅን ተዘጋ። ከክፍሉ አየር ጋር ቀጠሉ። በነጋታው የሆነው ግን የባሰ ነበር። ተራ የደረሰው ጎልማሳ «ዶክተር፣ እምቢ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። ፊኛው ጠጥሯል፤ የአራጋው ከንፈር ጠቁሯል። አክታ ቱቦውን ደፍኖታል፤ የክፍሉ አክታ መሳቢያ ማሽን ደግሞ መርዶ ለወጣለት አልጋ አይሠራም። ሉባባ ቀጭን ጎማ በትልቅ ሲሪንጅ ላይ ገጥማ ቱቦው ውስጥ ሰደደችና በእጇ ትስብ ጀመር። አልወጣም። ጨው ውሃ ጠብ አድርጋ ደግማ ሳበች። አንዱ ድንግል ማርያምን፣ ሌላው ረሱልን ይጠራል። ዘርፌ የባሏን እግር አቅፋ ከወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትስብ ወፍራም ነገር ተንቋርሮ መጣ። «ጭመቅ!» አለች ሉባባ። ደረቱ ተነሣ። ከንፈሩ ቀስ እያለ ቀላ። ሉባባ ጎማውን አጥባ ለሚቀጥለው ጊዜ አጠገቧ አስቀመጠችው።

እንዲህ እያሉ ቀኖቹ አለፉ። ሰኞ ገበያ የቀረ ድንኳን የለም፤ ሰዉ ከሥራ ሲወጣም፣ ከሥራ ቀርቶም ወደ ማዕከሉ ነው የሚወጣው። ሚዛኑ ራሱ የሐዘን ፈቃድ ስለጠየቀ አለቆችም ምነው ብለው አልጠየቁም። ታችኛው ክፍል ያለችው ወላድ ዐይኗን እንደገለጠች ተሰማ፤ ባሏም መጥቶ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ተራ ገብቶ ጨመቀ። ሠራተኞቹ ዐይናቸውን ጥለው ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ሲያልፍ ንጹሕ ጎማ አልጋው ላይ ይረሳል።

አቶ ሙሄ እስከዚያ ድረስ ከበሩ ወዲያ ሆነው ሲያጉተመትሙ ነው የከረሙት። አንድ ጠዋት ግን ተራ የደረሰው ሰው ሲዘገይ ሼህ ይመር ምንም ሳይናገሩ ቦታውን በከዘራቸው አሳዩአቸው። አዛውንቱ ቅር እያላቸው ተቀመጡ። እየጨመቁ፣ እየለቀቁ ጥቂት ቆዩና በድንገት እጃቸውን ከፊኛው አነሡ።

«ምን ነካዎት?» አለች የሺመቤት።

«ሄደ!» አሉ። «ወላሂ እኔ አልጨመቅሁትም! ራሱ ሄደ!»

ሉባባ እጇን ፊኛው ላይ አደረገች። ጠበቀች። ከውስጥ የሚስብ፣ ደካማ፣ ግን የራሱ የሆነ ትንፋሽ ፊኛውን ጎተተው። እንደገና ጎተተው። አቶ ሙሄ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ የዐይኑ ቆብ ተነሣ፤ ከዚያ ጣቱ። ቱቦው በወጣ ማግስት አራጋው በሻከረ ድምፅ መጀመሪያ ያናገራት የሺመቤትን ነው። «ንባብሽ ያምራል» አላት። «ሁለተኛ ግን እኔን እንዳታነቢኝ።» ቤዛ እየፈራች ገብታ አባቷን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ሙቀቱን ካረጋገጠች በኋላ ነው አልጋው ላይ የወጣችው።

ማዕከሉ የምዝገባ ስህተት ነበር ብሎ መግለጫ አወጣ። ሚዛኑ ተሳስቶ አያውቅም የሚለው ጽሑፍ ከግድግዳው አልወረደም። አራጋው በመንግሥት ዘንድ ዛሬም ሟች ነው። ሉባባና የሺመቤት ከሥራ ተባረሩ። ሉባባ ቤቷ ተቀምጣ፣ ሰው ሲያመው በጓሮ በር እየገባ ያሳያታል፤ ከዚህ ሌላ ሥራ አልነበራትም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። በዚህ ዘመን በር አንኳኩቶ የሚመጣ መርዶ የለምና ደንግጣ ተነሣች። የሆጤ ሰፈር ቅሬ ሰዎች ናቸው፤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ደጁን ሞልተውታል። ፊት የቆመችው ሴት ስልኳን በጡጫዋ ጨብጣለች።

«ወንድሜ ነው» አለች። «አሁን ነገሩን። ድንኳን አልተከልንም።»

«እኔ እኮ ዋስ መሆን አልችልም፣ እናቴ» አለች ሉባባ። «ያኛው ዳነ ማለት ይኸኛው ይድናል ማለት አይደለም። በእውነት እየሞተ ሊሆን ይችላል።»

«ከሆነም አንቺ አይተሽው ንገሪን። ሰው ሰውን አይቶ ይንገረን።»

ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ላይ ገና አልተነሣም። ዳገቱን አብረው ወጡ። የማዕከሉ በር ላይ ዘበኛው የሚገቡትን አንድ በአንድ እየመዘገበ ያሳልፍ ነበር፤ ሉባባ ፊት ሲደርስ ቆመ። ያውቃታል።

«ዶክተር» አለ ቀስ ብሎ፤ «አንቺ እኮ ሠራተኛ አይደለሽም። ዘመዱም አይደለሽ። ምን ብዬ ላስገባሽ?»

«ለቀስተኛ በለኝ» አለችው፤ እጅጌዋን እየሰበሰበች ከሆጤ ሰዎች ጋር ገባች።